አጥሩ የሚያስፈልገው ማንም በማያይበት ደቂቃ ነው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅና የአሥር ወር ሴት ልጅ እናት ነኝ። በቅርቡ የገባንበት ቤት ግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለው። ሳሎኑንና ገንዳውን የሚለያቸው አንድ ተንሸራታች የመስታወት በር ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የታናሽቱን ዳይፐር ቀይሬ ስመለስ በሩ ተከፍቷል፤ ወንዱ ልጄ ገንዳው ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኝቶ ኳስ ለማውጣት እጁን ዘርግቷል። ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴን ገንዳውን እንጠረው ብዬ ስጠይቀው ‹የግቢውን ውበት ያበላሸዋል፤ ይልቅ ዋና እናስተምረው› አለኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ ‹እኔ እያለሁ ልጁ ምን ሊሆን?› ብለው ቅር ተሰኙ። አሁን ቤቱ ውስጥ እኔ ፈሪ፣ እኔ ነዝናዛ ሆኛለሁ። እውነት አጋንኜ ነው? አጥሩስ የግድ ነው?

እንቅልፍ ያጣችው እናት»

ውድ እህቴ፣

አላጋነንሽም። ደብዳቤሽን ሳነብ ከኳሱ በላይ የከበደኝ «እኔ ፈሪ፣ እኔ ነዝናዛ ሆኛለሁ» ያልሽው ነው። አደጋን ቀድሞ የሚያይ ሰው በየቤቱ የሚሰጠው ስም ይኸው ነው። አደጋው ካልደረሰ «አላልኩሽም?» ትባያለሽ፤ ከደረሰ ደግሞ «የት ነበርሽ?» ትባያለሽ። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ቻይውና ወደ ገንዳው እንሂድ።

እስቲ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ልጅሽን ጠርዝ ላይ ያገኘሽው በዋና ሰዓት አልነበረም። የዋና ልብስ አልለበሰም፣ «ገንዳ እንግባ» ያለው ሰው የለም፣ አንቺም አማትሽም ሳሎን ውስጥ እየተጫወተ ነው ብላችሁ ነበር። ትንንሽ ልጆች በቤት ገንዳ የሚሰጥሙት በአብዛኛው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን በአንድ ወቅት በቤት ገንዳ አደጋ የደረሰባቸውን ከ5 ዓመት በታች ልጆች ጉዳይ መርምሮ ነበር። አብዛኞቹ በዚያ ሰዓት ገንዳው አጠገብ ይሆናሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ለመጨረሻ ጊዜ ቤት ውስጥ የታዩት ብዙ ናቸው። ከዓይን የተሰወሩበት ጊዜ በአብዛኛው 5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን፣ በሰዓቱ ይጠብቋቸው የነበሩትም ባብዛኛው የገዛ ወላጆቻቸው ናቸው። ግድ የለሽ ወላጆች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ዳይፐር ሲቀይሩ፣ በር ሲከፍቱ፣ ስልክ ሲያነሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ቤታችሁ ውስጥ የተነሣው ክርክር «ልጁን በደንብ የሚጠብቀው ማን ነው?» የሚል ይመስላል። በዚህ ክርክር ማንም አያሸንፍም፣ ሁላችሁም ትቀያየማላችሁ። እኔ ብሆን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ ጠባቂው ለአምስት ደቂቃ ሲዘናጋ ልጁንና ውሃውን የሚለያቸው ምንድን ነው? መዘናጋቱ አይቀርም፤ ሰው ነን። ዛሬ የእናንተ ቤት መልስ፣ የሦስት ዓመት ልጅ በሁለት እጁ ገፍቶ የሚከፍተው የመስታወት በር ነው።

«ቢገባም ድምፁን እንሰማለን» የሚል ካለ፣ አትሰሙም። በፊልም የለመድነው እጁን እያወናጨፈ «አድኑኝ!» የሚል ሰው ነው። ፍራንክ ፒያ የተባለ አሜሪካዊ የሕይወት አድን ሠራተኛ እውነተኛ የመስጠም አጋጣሚዎችን በፊልም ቀርጾ ሲያጠና ያየው ሌላ ነገር ነው። ሰው ለመጮህ መጀመሪያ መተንፈስ አለበት፤ የሚሰጥም ሰው አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ግን ትንፋሽ አውጥቶ፣ መልሶ ስቦ ለመጮህ ለማይበቃ ቅጽበት ነው። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ላውለብልብ ቢልም አይታዘዙለትም። ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ይለጠፋል፣ እግሩ ሥራ ያቆማል። ከሩቅ ለሚያይ፣ ሰማይ እያየ ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ ይመስላል። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ወደ ሃያው ይጠጋል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባል የለ? ትንሽ ልጅን ሲወስድ ሳቁም የለም።

በዚያ ላይ ድክ ድክ የሚል ልጅን የገዛ አካሉ ያጋድለዋል። ጭንቅላቱ ከሌላው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። በሆዱ ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ፣ ትከሻው ከጠርዙ ካለፈ በኋላ ራሱን ወደ ኋላ የሚመልስበት ጉልበት የለውም። ኳሱ አንድ ስንዝር ርቆ ቢሆን ኖሮ የምንጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። እዚህ ላይ እኔም ላስፈራሽ አልፈልግም፤ ባለቤትሽ ይህን አንቀጽ ብቻ ቢያነበው ግን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አማትሽ። እርሳቸው ቅር የተሰኙት «አትጠብቂም» የተባሉ መስሏቸው ነው፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ቅር ይለኝ ነበር። ልጆች ወልደው አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከእርሳቸው ጥንቃቄ ጋር አታያይዢው። ከፈለግሽ የእኔን ጉድ ንገሪያቸው።

ከዓመታት በፊት አንድ ዘመድ ቤት ተጠርተን ገንዳው ዙሪያ ስድስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠን ነበር። አንድ የአራት ዓመት ልጅ የገንዳው ደረጃ ላይ ቆሞ በቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ እየቀዳ ያፈሳል። ውሃው እስከ ወገቡ ነው። የተቀመጥኩት ልክ ፊት ለፊቱ ነው። አንዱ ቀልድ አመጣ፣ ዞር ብዬ ሳቅሁ፣ ስመለስ ኩባያው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ኩባያውን እያየሁት «ልጁስ?» ብዬ አላሰብኩም። የስምንት ዓመት እህቱ ናት «ለምንድን ነው ታች የተቀመጠው?» ብላ የጠየቀችው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ተንሸራቶ ውሃው ከላዩ ገጥሞ ነበር፤ ዓይኑ ተገልጦ ወደ ላይ ያየናል። ከስድስታችን አንዳችንም የውሃ ኮሽታ አልሰማንም። ልጁ ደኅና ነው፣ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቀይ ኩባያ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስድስታችንም «አንዱ ያየዋል» ብለን ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ጠባቂው በስም የታወቀ አንድ ሰው ይሁን። አንድ የሚታይ ነገር፣ ባርኔጣ ወይም በክር የተንጠለጠለ ፊሽካ፣ አንገቱ ላይ ይኑር፤ ዕቃው የተንጠለጠለበት ሰው አያነብም፣ ስልክ አይነካካም፣ አልኮል አይጠጣም፣ ዋናም ይችላል። በየ15 ደቂቃው «ተረከቢኝ» ብሎ ዕቃውን በእጅ ያስረክባል፤ ሳያስረክብ ለመጸዳጃ ቤት እንኳ አይነሣም። ስልኩ ግን ከአጠገቡ አይራቅ፤ የሚያስፈልገው ለአምቡላንስ ነው። እንደ ልጅሽ ላለ ዋና ለማይችል ሕፃን ጠባቂው አብሮት ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ እጁን ሲዘረጋ የሚነካው ርቀት ላይ መሆን አለበት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ለትልቅ ልጅ እንጂ ለሦስት ዓመት ልጅ አይበቃም። አማትሽ ዋና የማይችሉ ከሆነ ደግሞ፣ ይህን ሥራ ብቻቸውን እንዲሸከሙ ማድረግ ለእርሳቸውም ግፍ ነው። እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያቸው ቅሬታቸው የሚበርድ ይመስለኛል።

አንድ ትንሽ ነገር በመሐል ላስገባ፦ የዋና ልብሱን ቀለም ልብ በይ። ሰማያዊና ነጭ ልብስ በሰማያዊ ገንዳ ውስጥ ይጠፋል። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ገዝተሽ ታች ወለሉ ላይ አድርገሽ ከላይ እዪው፤ ልዩነቱን ያኔ ታውቂዋለሽ። ውሃው ደፍርሶ የታችኛው ወለል ካልታየ ደግሞ ማንም አይግባ።

ባለቤትሽ «ዋና እናስተምረው» ማለቱ ግማሽ እውነት አለውና አትጣይበት። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ መደበኛ የዋና ትምህርት የመስጠምን ዕድል በ88 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ብዙ ልጆች ከአንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ትምህርቱን ሊጀምሩ እንደሚችሉ ገልጿል። ስለዚህ ይማር፣ ቶሎም ይማር። ነገር ግን እዚያው መመሪያ ላይ ዋና መቻል ትንሽ ልጅን ከመስጠም ነፃ እንደማያደርገው ተጽፏል። ልጁ የሚማረው በዋና ልብስ፣ አስተማሪ ፊቱ ቆሞ፣ ራሱን አዘጋጅቶ ነው። የሚወድቀው ግን ሱሪና ጫማ እንዳደረገ፣ ደንግጦ፣ ትንፋሹን ሳይዝ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ያንን ከዚህ ያገናኛል ብሎ መወራረድ አልችልም። ሌላው የምፈራው ነገር ደግሞ፣ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ ልጁ ውሃውን መድፈሩ፣ እናንተም መዝናናታችሁ ነው። ክንድ ላይ የሚጠለቁት በአየር የሚነፉ ተንሳፋፊዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ መጫወቻ ናቸው፣ ይወልቃሉ፣ ይተነፍሳሉ። ተንሳፋፊ ካስፈለገ በልኩ የተሠራ፣ ደረጃውን ያሟላ የሕይወት አድን ጃኬት ይሁን።

እንግዲህ ወደ አጥሩ። የግድ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል፤ አዎ፣ የግድ ነው። ለዚህ ሁሉ ጉዳይ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ አጥሩ ላይ አውሉት። ግን አጥር ሁሉ አጥር አይደለም። ግቢውን በሦስት ጎን አጥሮ አራተኛውን ጎን የቤቱ ግድግዳ የሚያደርገው ዓይነት ጎረቤትን ይከለክላል እንጂ ከሳሎን የሚወጣውን ልጅ አያቆምም። የሚፈለገው ገንዳውን ከቤቱም ጭምር የሚለይ፣ በአራቱም ጎን የተዘጋ አጥር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ እንዲህ ያለው አጥር ከሦስት ጎኑ ጋር ሲነጻጸር የልጆችን የመስጠም አደጋ በ83 በመቶ ይቀንሳል። ከነገርኩሽ ቁጥር ሁሉ ለባለቤትሽ በቃልሽ የምትነግሪው ይህን ነው።

ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ቢበልጥ የተሻለ። በብረቶቹ መካከልም ሆነ ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ ከሰፋ ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሰውነቱም ይከተለዋል። እግር ማሳረፊያ የሚሆን አግዳሚ ከውጭ በኩል አይኑረው። በአውስትራሊያ ደንብ መሠረት አጥሩ አጠገብ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መወጣጫ የሚሆን ነገር የሌለበት ቦታ ይተዋል፤ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የፓምፕ ሳጥን፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ሁሉ ከዚያ ይርቃል። ልጅሽን ለአንድ ሳምንት ብትከታተዪው የትኛውን ዕቃ ገፍቶ እንደ መሰላል እንደሚጠቀምበት ራሱ ያሳይሻል።

ለዓይን የማይከብድ አጥርም አለ። ወፍራም የመስታወት አጥር ውሃውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ተነቃይ የመረብ አጥር ደግሞ ልጆቹ ካደጉ በኋላ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ይቀራሉ። ባለቤትሽ ውበት ካሰበ ምርጫውን ለእርሱ ስጪው። የቱ ይሁን የሚለው የእርሱ፣ ይኑር አይኑር የሚለው ግን የሁለታችሁ ውሳኔ ነው።

ዋናው ነገር በሩ ነው። በሕይወቴ ካየኋቸው የገንዳ አጥሮች ግማሾቹ በር ላይ ድንጋይ ተደግፎባቸው ተከፍተው ነበር፤ ዕቃ ሲያመላልስ የነበረ ሰው «አሁን እዘጋዋለሁ» ብሎ የረሳው። በሩ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ የሚዘጋ፣ ሲዘጋም በራሱ የሚቆለፍ መሆን አለበት። የመቀርቀሪያው መክፈቻ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አጥሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ለባለሙያው ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሪ፦ በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺና ልቀቂው፤ ከዚያ ግማሽ ክፈቺና ልቀቂው፤ በመጨረሻ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ክፈቺና ልቀቂው። በሦስቱም ጊዜ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለብሽ። ደካማ ማጠፊያ የሚጋለጠው በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ ትንሽ ሲከፈት ሄዶ መቀርቀሪያውን ይነካና ሳይቆለፍ ይቀራል፣ ከሩቅ ሲታይ ግን የተዘጋ ይመስላል። ይህን በየወሩ ድገሚው፤ ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ያብጣል፣ መሬት ይሰምጣል።

ደወልና ሽፋንን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2003 ባወጣችው ሕግ፣ መሬት ውስጥ የተሠራ የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአጥር፣ ከደኅንነት ሽፋን፣ ከተዘጋ መጠለያና ከማስጠንቀቂያ ደወል ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ታስገድዳለች። እኔ ብጠየቅ ደወሉን ከሌሎቹ እኩል አላስቀምጠውም። ውሃው ሲናወጥ የሚጮኸው ደወል የሚጮኸው ልጁ ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። በቤቱ በር ላይ የሚገጠመው፣ በሩ ሲከፈት የሚጮኸው ግን ቀድሞ ይናገራልና እርሱን አስገጥሙ። ሽፋን ከሆነ ሰው ቢቆምበት የሚሸከም፣ ዙሪያው ተወጥሮ የታሠረ መሆን አለበት። ውሃው እንዲሞቅ ከላይ የሚንሳፈፈው አረፋ አረፋ ያለበት ስስ ፕላስቲክ ግን ከምንም ይከፋል፤ ልጅ ሲረግጠው ይጠቀለልበታል፣ ከላይ ያለ ሰውም አያየውም።

አጥሩ እስኪሠራ ድረስስ? የመስታወቱ በር ላይ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ተጨማሪ መቀርቀሪያ ዛሬውኑ አስገጥሙ። ከገንዳው ውስጥና ዙሪያ መጫወቻ የሚባል ነገር አይኑር፤ ልጅሽን የጠራው ውሃው ሳይሆን ኳሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ደንብ ይኑራችሁ፦ ልጁ ከዓይን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ገንዳው ነው። ሰው በደመ ነፍስ መኝታ ቤት፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ይፈልጋል። እዚያ ተደብቆ ከሆነ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይሆንም። ገንዳው ውስጥ ከሆነ ግን ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል።

የገንዳውን የውሃ መሳቢያ ቀዳዳም አስመርምሩት። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የወለቀ ከሆነ የፓምፑ ኃይል ፀጉርን ወይም ሰውነትን ስቦ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በዚህ ምክንያት ሞታ፣ በስሟ የተጠራ የክዳን ደኅንነት ሕግ በ2007 ወጥቷል። ክሎሪኑና ሌሎቹ ኬሚካሎች ተቆልፈው ይቀመጡ፤ ክሎሪንና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

የአሥር ወሯን ልጅሽን ሁላችንም ረሳናት። ለእርሷ አደጋው ትልቁ ገንዳ ብቻ አይደለም። አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ አፍንጫና አፏን ለመሸፈን ይበቃል፤ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ይዛ ለመቆም ስትሞክር በጭንቅላቷ ትገባለች፣ መውጣት አትችልም። ባልዲ፣ ገንቦ፣ በአየር የሚነፋ የሕፃናት ገንዳ፣ ሁሉም ሥራው እንዳለቀ ይደፋና ይገልበጥ። ገላዋን ስታጥቢ በር ቢንኳኳ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ይዘሻት ሂጂ።

ቀጥሎ ያለውን ሦስታችሁም አብራችሁ አንብቡት። ከተቻለ ሦስታችሁም የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ውሰዱ፤ ጽሑፍ እጅን አያለማምድም። ልጅ ከውሃ ሲወጣ መምታት ወይም ዘቅዝቆ መያዝ፣ ሆዱን መጫን፣ ውሃ ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ያባክናል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኝተሽ መተንፈሱን ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ አረጋግጪ። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። የማይተነፍስ ከሆነ፣ በውሃ አደጋ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አየር ነው። አገጩን ቀና አድርገሽ፣ አፍንጫውን ይዘሽ፣ አፉን በአፍሽ ገጥመሽ ደረቱ ከፍ ሲል እስክታዪ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጪው። ለሕፃኗ አፏንም አፍንጫዋንም አንድ ላይ ሸፍነሽ ነው የምትሰጪው፣ በቀስታ። ከዚያ ደረቱ መሐል፣ የደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ላይ 30 ጊዜ ተጫኚ፣ 2 ትንፋሽ ስጪ፣ እንዲሁ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ። ለወንዱ በአንድ መዳፍሽ ተረከዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለሕፃኗ በሁለት አውራ ጣትሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ብቻሽን ከሆንሽ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽ እየሠራሽ ጥሪ፤ ስልኩ ሩቅ ከሆነ አንድ ደቂቃ ሠርተሽ ነው የምትሮጪው። ከአፉ አረፋ ቢወጣ እርሱን ስትጠርጊ አትቆዪ። ቢያስመልሰው ወደ ጎን አዙረሽ አጽድተሽ ቀጥዪ። መተንፈስ ሲጀምር ወይም ባለሙያ ሲደርስ ብቻ ነው የምታቆሚው።

ነፍሱ የተመለሰችለት ልጅ ደኅና ቢመስልም ሆስፒታል መሄድ አለበት። ውሃ ውስጥ ገብቶ በራሱ የወጣ ልጅም ቢሆን፣ ሳሉ ካልተወው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ያለ ሰዓቱ ካንቀላፋ፣ ውሰጂው። ምልክቶቹ ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ይታያሉ። ከሳምንት በኋላ «ደረቅ መስጠም» የሚል ወሬ ሰምተሽ ከተጨነቅሽ ግን ተዪው፤ የሕክምና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያንን ቃል አይጠቀሙበትም።

ባለቤትሽን እንዴት ታሳምኚዋለሽ? በክርክር አይመስለኝም። አንድ ቀን ማታ ልጆቹ ሲተኙ ገንዳው ጠርዝ ድረስ ይዘሽው ሂጂና ልጁ በተኛበት ቦታ በጉልበቱ ተንበርክኮ እንዲያይ ለምኚው። ከዚያ ሳሎን ግቡና ልጁ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ እስከ ጠርዙ በትንሽ ልጅ እርምጃ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አብራችሁ ቁጠሩ። ዳይፐር መቀየር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እርሱም ያውቃል። ሌላ ምንም አትጨምሪበት።

ደግሞ፣ በደብዳቤሽ ኳሱ ይውጣ አይውጣ አልነገርሽኝም። እስከ ዛሬ እዚያው ከሆነ፣ ረጅም እጀታ ባለው መረብ፣ ልጁ በማያይበት ሰዓት አውጪው።